ከጋሽ ከድር ጎሚስታ ቤት የወጣው ክንድ

ማስቲሽ የሸተተኝ ቦታ ሁሉ እግሬ ይታሰራል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ተቻኩሎ የሚያልፈውን የተቃጠለ ጎማና የማስቲሽ ሽታ እኔ ቆሜ እስበዋለሁ። ልጄ አንድ ቀን አይታኝ «እማዬ ደግሞ፣ ሽቶ አደረግሽው እኮ!» ብላ ስቃብኛለች። ትሳቅ። ባለፈው ሳምንት ከዓለም ባንክ ስመለስ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ቀራንዮ አስፋልት ዳር ካለች አንዲት ጎሚስታ ቤት ደጃፍ አረፍ አልኩ። ኮምፕሬሰሩ ያጓራል። ጎሚስታው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ውሃ የሞላ ባኞ ፊቱ አስቀምጦ የሚያገላብጠው ግን የመኪና ጎማ አልነበረም። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል ከስሩ የሚደረግለት የአየር ትራስ ነው፤ ክብ፣ መሃሉ ባዶ፣ ቀይ ላስቲክ። ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ይጫነዋል፣ አረፋ የሚባል ነገር የለም።

«ምንም የለውም እቴ፣ ደህና ነው» አላት አጠገቡ የቆመችውን ሴት።

«እንዴት ደህና ይሆናል? ማታ የነፋሁትን ጠዋት ጨርቅ ሆኖ ነው የማገኘው። ሳሙና በጥብጥና ቀባው፣ ወፈር ያለ አረፋ ይሁን። ከዚያ አትንካው፤ ዝም ብለህ እየው። ቀስ ብሎ የሚያፈስ ነገር ሲያጣድፉት አይታይም።»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ጋሽ ከድር የሚባል የዚሁ ሰፈር ጎሚስታ ለእኔና ለአንዲት ተማሪዬ የነገረን ቃል ነው። ሴትዮዋን በጎን አየኋት። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ ትከሻዋ ሰፍቷል። አፌ ቀደመኝና «መሰረት አያሌው!» አልኩ፣ ልክ ስም ጥሪ ላይ እንዳለሁ።

«አቤት ቲቸር!» አለች፣ ማን እንደጠራት እንኳ ሳታይ። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና እንቅ አድርጋ ሳመችኝ። ተላቀቅን፣ ተያየን፣ እንደገና ተሳሳምን። ከቡሬ ከመጣች ሦስተኛ ክረምቷ ነው፤ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ስር በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። የመጣችው ለአባቷ ነው። «አባባ አልጋ ላይ ናቸው። አንድ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ትራሱም የእሳቸው ነው» አለችኝ። እኔም «እግዜር ይማራቸው» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴ ምን እንዳለ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን፤ አቶ አያሌውን ለመማር እኔ ራሴ ገና አልደረስኩም ነበር። ጎሚስታው ሳሙናውን ቀብቶ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክለዋን ቀዳዳ አግኝቶ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ ሁለት በርጩማ ሰጠንና ተቀመጥን።

ያን ጊዜ ቀራንዮ ሌላ አገር ነበር። አሁን መስታወት ለብሶ የቆመው ሕንፃ ቦታ ላይ የባህር ዛፍ አጥር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል የሚወርደው ጭቃ ጫማ ያስቀራል፣ እኛ ሴቶቹ አስተማሪዎች በቦቲ መጥተን ክፍል ደጃፍ ላይ ነበር ጫማ የምንቀይረው። ታክሲ ከሰባ አምስት ሳንቲም ወደ አንድ ብር ሲገባ ሰው የለቅሶ ያህል አወራው። ወያላው በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የሞላ!» ይላል፤ ሁለት ሰው ብሎ አምስት ይጭናል። ሞባይል ያለው ሰው በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላት ነበር፣ እንዳትጠፋበት ይሁን እንድትታይለት እንጃ። ፌርማታው ጥግ ላይ የነበረችው ካሴት ቤት አንዱን የፍቅር ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ታስጮኸው ነበር፣ ካሴቱ ተለጥጦ ዘፋኙ ያረጀ እስኪመስል። ወንዶቹ ተማሪዎች ሱሪያቸው ከመስፋቱ የተነሳ አስፋልት ይጠርጉ ነበር፤ ሴቶቹ ያንን ጥቁር ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ እጅጌውን እስከ ጣታቸው ጎትተው ይለብሱት ነበር። ማን ምን ስብሰባ እንደጠራ፣ ማን ተሽሮ ማን እንደተሾመ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የሻዩን ዋጋ ግን አስታውሳለሁ፤ ስልሳ ሳንቲም፣ ዳቦ ሲጨመርበት አንድ ብር አይሞላም። አሁን በዚያ ብር ስኳሩንም አያሸቱትም።

እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ የሳይንስ ክበቡም በእኔ ላይ ነበር፣ ሌላ የሚወስደው ስለጠፋ። አንድ ቀን ከመሃል ከተማ ጥሪ መጣ፤ ተማሪዎች ሮቦት ሠርተው የሚወዳደሩበት ነው ተባለ። ሮቦቱ በጎማው እየሄደ አሸዋ የሞላ የእንጨት ሳጥን ከመሬት ያነሳል፣ የሰው ደረት ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ይዞ ይቆያል። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ከውጭ በሳጥን የመጣ ዕቃ፣ ሞተር፣ ሽቦ፣ ሁሉም ተሟልቶላቸዋል። እኛ ያለን ከተበላሸ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ መንኮራኩሩን ያስኬዳል እንጂ ሳጥኑን ንቅንቅ አላደረገውም። ከመሰረት ጋር ክበቡ ውስጥ የነበሩት ሁለት ወንዶች ልጆች ተስፋ ቆርጠው ቁጭ አሉ። መሰረት ግን በማግስቱ መጣችና «ቲቸር፣ የአውቶቡስ በር ሲከፈት ፍሽሽ የሚለው በምንድነው የሚገፋው?» አለችኝ።

«በአየር ነዋ።»

«ስንት ሰው ተደግፎት እኮ ይከፍተዋል» አለች።

ያ ጥያቄ ነው ጋሽ ከድር ቤት የወሰደን። ጋሽ ከድር ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ኮምፕሬሰር ያለው፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ እርሳስ የሚሰካ፣ የጉራጌ ልጅ ነው። ነገሩን ሲሰማ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ከአሮጌ አውቶቡስ በር የተፈታ የአየር ሲሊንደር ይዞልን መጣ። ሲሊንደር ማለት ለማያውቅ፣ ወፍራም የብስክሌት መንፊያ እንበለው፤ በመንፊያው ሰው ይገፋና አየር ይወጣል፣ በዚህኛው አየር ይገባና ብረቱን ይገፋል። የብረቱን ጫፍ ከክንዱ ጋር ስታያይዙት ክንዱ ይነሳል። አየሩን መያዣ ሁለት የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሮቦቱ ጀርባ ላይ አሰርን፤ ከውድድሩ በፊት ከኮምፕሬሰር ሞልቶ መሄድ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲሞላ በራሱ የሚያጠፋው ነገር ከሞተ ቆይቷል፤ ጋሽ ከድር በጆሮው ነበር የሚያጠፋው። ድምፁ ወፈር ሲል «በቃው» ይልና ማብሪያውን ይዘጋል። ስንት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ከባዱ ነገር ሲሊንደሩን ክንዱ ላይ የት እንደሚያስሩት ነበር። ወደ ማጠፊያው ካስጠጉት ክንዱ በጣም ከፍ ይላል፣ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ካራቁት ጉልበት አለው፣ ግን ሳጥኑን ከጉልበታችን ቁመት በላይ አያነሳም። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ጻፍኩላቸው። መሰረት ቀመሩን በትህትና ገለበጠች፤ ከዚያ ከጫማ ካርቶን ክንድ ቆርጣ፣ ከሌላ ካርቶን ሲሊንደር ቆርጣ፣ በስፒል አያይዛ መጣች። ስፒሉን ነቅላ ትንሽ ወዲህ ትሰካዋለች፣ ክንዱን ታነሳዋለች፣ ነቅላ ትንሽ ወዲያ ትሰካዋለች። ካርቶኑ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ አለቀ። በመጨረሻ አንዷን ቀዳዳ በቀይ እስክሪብቶ ከበበችና «እዚህ ጋ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይቆጣሉ፣ ግን ይታረቃሉ» አለችኝ። ሰሌዳዬ ላይ ሄጄ አሰላሁት፤ ቀመሩም ከእሷ ጋር ተስማማ። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ የጠበቅኳት ልጅ መጣች ብዬ አሰብኩ።

የሰፈር አፍ ግን አያርፍም። «የአያሌው ልጅ ጎሚስታ ቤት ነው የምትውለው፣ ከወንዶች ጋር» ተባለ። አቶ አያሌው ግንበኛ ነበሩ፤ የጎጃም ሰው፣ ቃላቸውን የሚያከብሩ፣ ሲስቁ ታይተው የማይታወቁ። ቡሬ ሱቅ ያላት እህታቸው «ሱቁን የምታግዘኝ አንዷን ልጅ ላክልኝ» ስትል ኖራለች። ወሬው ሲበዛባቸው ለእህታቸው ቃል ሰጡ። መሰረት አንድ ቀን ጠዋት ዓይኗ አብጦ መጣችና «ቲቸር፣ ከትምህርት ልወጣ ነው። ሽማግሌ ካልተላከ አባባ ከቃላቸው አይመለሱም» አለችኝ።

እንግዲህ ሽማግሌ ላክን። እኔ፣ ጋሽ ከድርና የእድራችን ዳኛ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ «ሴት ሽማግሌ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?» ሲለኝ «ቀራንዮ ነው ያለው፣ ቀጥ ብለህ ሂድ» አልኩት። በሩ ላይ ሦስታችንም እንደ ወጉ ቆምን።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» አሉ አቶ አያሌው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ የእድሩ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ሰውዬው ፊታቸው ተለዋወጠ። ገመቱ። «ልጄ ገና ልጅ ናት። ለማን ነው የመጣችሁት?»

ጋሽ ከድር ሳቁ አመለጠው። «አቶ አያሌው፣ ሙሽራው ብረት ነው። ክንዱ ብቻ ነው ያለቀው፣ እግሩም ገና አልጠነከረም። ልጅትዋ ትምህርቷን ትቀጥል ብለን ነው።»

አቶ አያሌው አልሳቁም። ከጓዳ ውስጥ እቃ መታጠብ ቆመ፤ መሰረት እንደምትሰማ ሁላችንም አወቅን። «እህቴን በቃሌ አስሬያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እናንተን ደግሞ አቁሜ አልሰድም። ያ ነገር ሳጥኑን ያነሳል አይደል የምትሉት? እመጣለሁ። ዓይኔ እያየ ካነሳ ትማር፤ እህቴን እኔ እለምናታለሁ። ካላነሳ ግን በዚያው ሳምንት ቡሬ ትሄዳለች፤ ዳግመኛ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።»

«ምስክር ነን» አለ የእድሩ ዳኛ፤ መርቀን ተቀመጥን። ስንወጣ ጋሽ ከድር ደስ ብሎት እጁን ያፋትግ ነበር። እኔ ግን ወደ ኋላ ቀረሁ። የአንዲት ልጅ ዕድሜ በአንድ አሮጌ የአውቶቡስ ሲሊንደር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ያንጠለጠልነውም እኛው በገዛ ሽምግልናችን ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ዛሬም አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። ክንዱ መጀመሪያ ጭራሽ አልተነሳም። ከዚያ ተነስቶ ቶሎ ወደቀ። አየሩ ከየት እንደሚያመልጥ ለማወቅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ባኞ ውስጥ ነከርን፣ ምንም አላየንም፤ ጋሽ ከድር ያንን የሳሙና አረፋ ያስተማረን ያን ጊዜ ነው። ሦስታችን አጎንብሰን ትንፋሻችንን ይዘን አረፋ እናያለን፤ አንዷ አረፋ ዓይናችን እያየ እንደ ጉንጭ ታብጣለች፤ «ይቺውላችሁ!» ይልና በእርሳሱ ምልክት ያደርግባታል። ምግብ አያምረኝም ነበር። ክፍል ውስጥ የማስተምረውን አልሰማውም ነበር። መሰረት ከስታ ሹራቧ ሰፋባት፤ ስታስል እንኳ ወደ ክንዱ ነበር የምታየው። የውድድሩ ዋዜማ አርብ ጠዋት ክንዱ ሳጥኑን አነሳና ያዘ። ቆይተን አየነው፤ ያዘ። ሻይ ጠጥተን ተመለስን፤ እንደያዘ ነው። መሰረት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ደስታ መሆኑን ያወቅኩት ቀና ስትል ነው።

አንዴ እንደገና ጠርሙሶቹን ሞልተን እንሞክረው ብለን ከኮምፕሬሰሩ ጋር እንዳገናኘነው መብራት ድርግም አለ። አርብ ነው፤ ጋሽ ከድር ጁምዓ ሊሰግድ ወጣ። እኔና መሰረትም ማዶ ካለችው ሽሮ ቤት ተሻግረን ምሳ አዘዝን። መብራት ሲጠፋ ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አምፖሉም፣ ሬዲዮኑም፣ ምጣዱም እንደበራ ይተዋል፤ አለበለዚያ መምጣቱን በምን ያውቁታል? ኮምፕሬሰሩንም አንዳችንም አልነካነውም፤ መንካት እንዳለብን አንዳችንም አላሰብንም። ሽሮው ገና እየተንተከተከ ቀርቦ ሳንቆርስ የሰፈሩ ሕፃናት «መጣ! መብራት መጣ!» ብለው ጮኹ። እኛም አብረን «መጣ!» አልን፣ ሳቅንም። ካሴት ቤቱ ያችኑ ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። በዘፈኑ ስር ያንን የኮምፕሬሰር ድምፅ ቀድማ የሰማችው መሰረት ናት። እጇን ከሽሮው ላይ አነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ። ተነስታ መንገዱን በሩጫ ስታቋርጥ አንድ መኪና ለጥቂት ሳታት፤ እኔም ተከተልኳት፣ ግን ገና በሩ ጋ ሳንደርስ ጠርሙሱ ፈነዳ።

ሰው ጥይት መስሎት ተበተነ። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ አቧራ ብቻ ይታያል። ክንዱ በአንዴ ተወርውሮ ጣሪያውን በስቶታል፤ የሲሊንደሩ ብረት ጎብጧል፤ ውስጡ አየር እንዳያሳልፍ የሚይዘው ጎሚኒ፣ ያ የላስቲክ ቀለበት፣ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ጋሽ ከድር ጫማውን በእጁ ይዞ ከመስጊድ ሮጦ መጣ። ከዚያ ሄዶ ማብሪያውን ዘጋ። አንድም ሰው «ማነው ያልዘጋው?» አላለም። ማን ዘግቶ ያውቃልና! እኔ ግን ተናደድኩ፤ በመብራቱ፣ በዚያ ዘፈን፣ በሕፃናቱ ጩኸት፣ በሽሮው። መሬቱ ላይ የተበተነውን ፕላስቲክ በእግሬ ስጠልዘው ትዝ ይለኛል።

ምናለሽ ተራ ሮጠን ሄድን፤ እንደዚያ ያለ ሲሊንደር ሁለተኛ አልተገኘም። ጋሽ ከድር ብረቱን በመዶሻ ቀስ እያለ አቀናው። ጎሚኒውን ከጭነት መኪና ካላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ፣ በምላጭ ከርክሞ፣ በእጁ ሠራው። «እንዴት ነው?» ስለው «ኢንሻአላህ» አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ስለ ጎማ ሲጠየቅ ኢንሻአላህ ብሎ አያውቅም ነበር። ሌላ ጠርሙስ አሰርን። ክንዱ አነሳ። ያዘም፣ ግን እጄን ካስደገፍኩት ጠረጴዛ ጋር ሳስተያየው በጣም ቀስ እያለ ዝቅ ይላል። መሰረትም አይታዋለች። «ፊሽካው ቶሎ ከተነፋ ይበቃናል» አለችኝ። እኔም ይበቃናል አልኳት። ምን ልበላት?

አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። አቶ አያሌው ለመድኃኔዓለም ንግሥ የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊት ለፊት ቆመዋል። ተራችን ሲደርስ ያ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በታክሲ ጣሪያ የመጣ ሮቦታችን ሲወጣ ሰው ሳቀ፤ ቀለም እንኳ አልቀባነውም ነበር። መሰረት ሳጥኑ ጋ አደረሰችውና የአየሩን ቧንቧ ከፈተች። ፍሽሽ አለ። ክንዱ ሳጥኑን ይዞ ተነሳ። ያለ መንቀጥቀጥ፣ ወደ ላይ፣ እሷ በቀይ እስክሪብቶ እንዳሰበችው፣ እስከ ደረት ድረስ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አቶ አያሌውን አየኋቸው፤ አፋቸው ከፈት ብሎ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ሰዓቱን ያያል። ንፋ፣ ንፋው እንጂ አንተ ሰውዬ! እላለሁ በልቤ። በጭብጨባው መሃል እኔ፣ ጋሽ ከድርና መሰረት ብቻ የምናውቃት ድምፅ ነበረች፣ እንደ ትንፋሽ ያለች። ሳጥኑ ዝቅ አለ። ጭብጨባው ቆመ። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ መሬት ነካ። ፊሽካው የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንስቷል!» አለ ጋሽ ከድር፣ ውጭ ደረጃው ላይ፣ ላብ እያጠመቀው። «አላህ ያየዋል፣ አንስቷል! እርስዎ ያሉት ካነሳ ነው!»

«ጋሽ ከድር» አሉ አቶ አያሌው፣ በቀስታ። «እኔ ግንበኛ ነኝ። ያቆምኩት ግድግዳ ማታ ቢወድቅ፣ ጠዋት ቆሞ ነበር ብዬ እከራከራለሁ?»

«ልጅትዋ ግድግዳ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ግድም አልሰጠኝ። ለመንኳቸው፣ ቀጥሎም ተሳደብኩ፣ መልሼ ለመንኩ። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ «ቃሌን አልበላሁም ቲቸር» አሉኝ። ስንጨቃጨቅ መሰረት የት እንዳለች ያየ የለም። ደረጃው ስር ባስቀመጥነው ሮቦት አጠገብ ተንበርክካ ሲሊንደሩን ሳሙና እየቀባች ነበር። «ይኸው ቲቸር፣ እዚህ ጋ ነው» አለችኝ፣ በጎሚኒው ጠርዝ የምታብጥ አንዲት አረፋ በጣቷ እያሳየች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄደች፤ ያችን የተበሳሳች ካርቶን ለእኔ ትታልኝ።

«ደርቋል» አለ ጎሚስታው፣ ትራሱን በአየር ሞልቶ ለመሰረት እየሰጣት። ስለ ጋሽ ከድር አነሳን እንጂ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ቆርቆሮ ቤቱም ለመንገድ ፈርሷል። ቡሬ ከሱቁ ጀርባ ማታ ማታ ተምራ አሥራ ሁለተኛን መጨረሷን፣ ከዚያ ወዲያ «ጊዜው አለፈ» መባሏን ነገረችኝ። ያንን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። «ቤት ይግቡ ቲቸር፣ አባባ ስምዎን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል» ስትለኝ አልገባም ልል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚያ ሰውዬ የምለውን ቃል ሳጠራቅም ኖሬያለሁ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በአልጋዬ ላይ፣ ሽንኩርት ስልጥ። ለዚያ ስል ገባሁ።

ቤቱ ያው ነው፤ ሽማግሌ ሆነን የቆምንበት በርም ያው። ሰውዬው ግን የሉም ማለት ይቻላል። ያ ሰፊ የግንበኛ ትከሻ ጋቢ ስር የተቀበረ አጥንት ሆኗል። ግራ እጃቸው ሆዳቸው ላይ እንደተጣለ ዕቃ ተቀምጧል። «እንደምን ዋሉ» አልኩ፣ ደረቅ አድርጌ። መሰረት «አባባ፣ ቲቸር አስካለ ናቸው» አለቻቸው። አዩኝ። ያጠራቀምኩት ቃል ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቲቸር» አሉ፣ በአንድ በኩል አፋቸው፣ ቃሉ ከምራቅ ጋር እየተጎተተ።

«አቤት።»

ረዥም ጊዜ ተነፈሱ። «ያ... የልጅትዋ ክንድ።» ዓይናቸው ወደ ጣሪያው ሄደና ተመለሰ። «አንስቶ ነበር።»

ምን ይሉታል ይሄን? ልቤ አልራራም፤ ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። አሁን? ለማን? ያቺ አሥረኛ ክፍል ልጅ የት ሄዳ ነው ይህ የሚነገራት? ልናገር አፌን ስከፍት መሰረትን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታን የትራሱን ቡሽ ታጠብቅ ነበር፤ እጇ ቆሟል። ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ዞር ስትል ፊቷ ያን ቀን ደረጃው ጋ አረፋዋን በጣቷ ስታሳየኝ የነበረው ያው ፊት ነው።

«እሺ አባባ» አለች። «አሁን በደህናው እጅዎ አንገቴን ይያዙኝ። ቲቸር፣ ቀና ሳደርጋቸው ትራሱን ከስር ያስገቡልኝ።»

ጎንበስ ብላ ሁለት ክንዷን ከስራቸው አስገባችና ከፍራሹ ብድግ አደረገቻቸው። ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ። እኔ ትራሱን እንደታቀፍኩ ፈዝዤ ቀረሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቦታው አልታይ አለኝ። እሷ አልተነቃነቀችም።

«አይቸኩሉ ቲቸር» አለችኝ። «ይዣቸዋለሁ።»